ስብ በትእዛዝ አይሄድም፦ ከእንጦጦ ማርያም አቀበት የሚነበብ የሕክምና ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከጉለሌ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የእንጦጦ ማርያም ደብር ይገኛል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ለአዲሲቱ ከተማ ስም ካወጡላት በኋላ ቤተ መንግሥቱም ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ወረደ፤ ደብሩ ግን በተራራው ላይ ቀረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አቀበቱን የሚወጣ ሰው ተቋርጦ አያውቅም።

ይህ አቀበት ለጤና ባለሙያ የተለየ ትምህርት ይዟል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንዱ ጎዳና ሦስት ዓይነት ሰዎች ሲተላለፉበት ኖረዋል። አንደኞቹ ከባሕር ዛፉ ጫካ ማገዶ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ሁለተኞቹ ከፍታውን ፈልገው የሚሠለጥኑ የረጅም ርቀት ሯጮች ናቸው። ሦስተኞቹ ፈውስ ፍለጋ ወደ ማርያም ጸበል የሚወጡ ሕሙማን ናቸው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አራተኛ ወገን በርክቷል፤ ይኸውም ቦርጩን ለማጥፋት ብሎ በማለዳ የሚወጣው የከተማ ነዋሪ ነው።

ይህ አራተኛው ወገን ብዙውን ጊዜ አንድ እምነት ይዞ ይወጣል። ሆድን የሚያንቀሳቅስ ስፖርት የሆድን ስብ፣ ጭንን የሚያንቀሳቅስ ስፖርት የጭንን ስብ ያቀልጣል ብሎ ያምናል። ወገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚሮጥም አለ። እምነቱ ጉዳት የሌለው ተራ ስሕተት ይመስላል። ነገር ግን ስብ በእርግጥ ቦታ እየመረጠ ከሰው ገላ የጠፋበት ዘመን በአገራችን ነበረ። ያን ያዩት ከአራቱ ወገኖች ሦስተኞቹ፣ ማለትም ሕሙማኑ ናቸው፤ ያም የጤና ምልክት ሳይሆን የመድኃኒት ጉዳት ነበር። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ማንበብ የሰውነት ስብ ለማን እንደሚታዘዝ፣ ለማን ደግሞ እንደማይታዘዝ በግልጽ ያሳያል።

እምነቱ ከየት መጣ?

ስብን ከተፈለገው ቦታ ብቻ የማስወገድ ሐሳብ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ስዊድናዊው ሐኪም ጉስታቭ ዛንደር የሰውነትን ክፍሎች አንድ በአንድ የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎችን ሠርቶ በመላው አውሮፓና በአሜሪካ አስፋፍቶ ነበር። ከመሣሪያዎቹ መካከል ሆድን የሚያሹና የሚደልቁ ይገኙበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በወገብ ዙሪያ ተጠልቆ በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ቀበቶ በምዕራቡ ዓለም በሰፊው ተሸጠ። ሰውየው ቆሞ ቀበቶው ይሠራል፤ ስቡ እንደ ቅቤ ተንጦ ይወጣል የሚል ተስፋ ነበር።

እምነቱ ሥር የሰደደበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። ሰው የሠራበት ጡንቻ ሲሞቀውና ሲያቃጥለው ይሰማዋል። ከዚያ ጡንቻ በላይ ደግሞ ስብ ተኝቷል። ስለዚህ የሚቃጠለው ያ ስብ ነው ብሎ መደምደም ይቀለዋል። ከስፖርቱ በኋላ ልብሱ በላብ ይረጥባል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣም ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ቀንሶ ያገኘዋል። የቀነሰው ግን ውኃ ነው፤ ከጥቂት ብርጭቆ በኋላ ይመለሳል። ወገብን በላስቲክ መጠቅለልም ላብን ይጨምራል እንጂ ስብን አይነካም። በሞቃት ሰዓት ሲሆን እንዲያውም ሰውነት ሙቀቱን እንዳያወጣ ይከለክላል።

የእንጦጦን አቀበት ልብ ብሎ ለተመለከተ ግን መልሱ ከማንኛውም ጥናት አስቀድሞ በዓይን የሚታይ ነበር። እንጨት ተሸካሚዋ እናት ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም በጀርባዋ አዝላ፣ ወገቧን አጉብጣ ለሰዓታት ትጓዛለች። የጀርባና የእግር ጡንቻዎቿ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። የከሳችው ግን በጀርባዋና በእግሯ ብቻ አይደለም፤ ፊቷም ክንዷም ከስቷል። ምክንያቱም የምታወጣው ጉልበት ከምትመገበው ስለሚበልጥ ነው። ሯጩም እንዲሁ ነው። በዋናነት የሚሠራው በእግሩ ቢሆንም ጉንጩና ክንዱ ከእግሩ ባልተናነሰ ስብ የራቃቸው ናቸው። ሁለቱም ሰውነት ስቡን እንደ አንድ የጋራ ጎተራ እንደሚጠቀምበት ምስክሮች ናቸው።

ልኬቱ ምን አሳየ?

ጉዳዩ በጥናት የተፈተነው ከቆየ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾች ሁለት ክንዶች ተነጻጸሩ። የቴኒስ ተጫዋች ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። በአንዱ ክንዱ ለዓመታት ኳስ ሲመታ ሌላው ክንዱ ብዙም አይሠራም፤ ምግቡ፣ ሆርሞኑና የዘር ውርሱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የሚጫወትበት ክንድ በጡንቻ ገዝፎ ተገኘ። ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን በሁለቱም ክንዶች ልዩነት አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው ሌላው ጥናት የበለጠ ቀጥተኛ ነበር። 13 ወንዶች በ27 ቀናት ውስጥ እያንዳንዳቸው 5,004 ጊዜ ሲት አፕ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያም ከሆድ፣ ከጀርባና ከመቀመጫ በመርፌ የስብ ናሙና ተወስዶ የስብ ሕዋሳቱ መጠን ተለካ። ሕዋሳቱ በመጠኑ አንሰው ተገኙ፤ ያነሱት ግን በሦስቱም ቦታ በተመሳሳይ መጠን ነበር። ሆዱ ይህን ሁሉ ሠርቶ ከመቀመጫው የተለየ ዋጋ አላገኘም።

በኋላም ተመሳሳይ ውጤቶች ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 24 ሰዎች ተሳትፈው፣ የተወሰኑት ለስድስት ሳምንታት የሆድ ስፖርት ብቻ ሠሩ። የሆድ ጡንቻቸው ጽናት ጨመረ፤ የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ 11 ሰዎች ለ12 ሳምንታት አንድ እግራቸውን ብቻ አሠለጠኑ። በራጅ መለኪያ ሲታይ ጎልቶ የቀነሰው ከክንዳቸውና ከግንደ አካላቸው የነበረው ስብ እንጂ የሠለጠነው እግር ስብ አልነበረም።

ለሚዛናዊነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በሚሠራ ጡንቻ አጠገብ ያለ ስብ የደም ዝውውሩ በመጠኑ እንደሚጨምርና ስቡም በጥቂቱ በበለጠ እንደሚፈታ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናትም ከፍተኛ ክብደት ባላቸው 16 ወንዶች ላይ ሆድን ለረጅም ጊዜ የሚያሠራ ስፖርት ከግንደ አካል ላይ በመጠኑ የበለጠ ስብ እንደቀነሰ ዘግቧል። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ የተገኘውም ልዩነት አንድ ኪሎ አይሞላም። ነገሩ በዚህ መስመር ቢረጋገጥ እንኳ ቦርጭ በሲት አፕ ይጠፋል ለሚለው ተስፋ መሠረት አይሆንም።

ስብ በሰውነት ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ምክንያቱ በሕዋሳቱ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በስብ ሕዋስ የተከማቸው ትራይግሊሰራይድ ጡንቻው በቀጥታ ሊመጠው የሚችል ነገር አይደለም። አስቀድሞ ወደ ፋቲ አሲድና ግሊሰሮል መፈታት አለበት። ፋቲ አሲዱ ወደ ደም ይገባል፤ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ በመላው አካል ይዞራል፤ ጡንቻውም ከደም ይቀበለዋል። ስለዚህ የሆድ ጡንቻ የሚያቃጥለው ስብ ከጭን፣ ከክንድ ወይም ከጀርባ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው ስቡ የመጣበትን ቦታ አይመርጥም።

ስቡ እንዲፈታ የሚያዘው አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ሲሆን የሚያግደው በዋናነት ኢንሱሊን ነው። ሁለቱም በደም የሚተላለፉ መልእክቶች በመሆናቸው ለመላው አካል ይደርሳሉ። ሁሉም የስብ ክምችት ግን እኩል አይሰማቸውም። በሴቶች ጭንና መቀመጫ ላይ ያሉ የስብ ሕዋሳት የመፈታትን ትእዛዝ የሚያዳክሙ ተቀባዮች በብዛት አሏቸው፤ ስለዚህ ስባቸውን ቀስ ብለው ይለቃሉ። የሆድ ዕቃን የከበበው ስብ ደግሞ ፈጥኖ ይከማቻል፤ ፈጥኖም ይፈታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ቫግ እ.ኤ.አ. በ1947 በላይኛው አካል የሚከማች ስብና በታችኛው አካል የሚከማች ስብ የተለያየ አደጋ እንደሚያስከትሉ ያስገነዘበው ከዚህ ጋር የተያያዘውን ልዩነት አስተውሎ ነው።

በመሆኑም ስብ ከየት ቀድሞ ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ጾታ፣ ዕድሜ፣ የዘር ውርስ፣ ሆርሞንና በአንዳንድ ሁኔታዎች መድኃኒት ናቸው። የሰውየው ፍላጎትም ሆነ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከእነዚህ መካከል መድኃኒት የሚለው ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይመልሰናል።

ስብ ቦታ መርጦ የሄደበት ዘመን

በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት መድኃኒት አልነበረም ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ክሳት የበሽታው ፊት ሆነ። ሰው በማናቸውም ምክንያት ቢከሳ ጎረቤት በሹክሹክታ ይፈርድበት ጀመር። ጎድጓዳ ጉንጭ እንደ ምርመራ ውጤት ይነበብ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የእንጦጦ ማርያም ጸበል የብዙዎች የመጨረሻ ተስፋ ሆነ። ከመላ አገሪቱ የመጡ ሕሙማን በሺዎች ሆነው በደብሩ ዙሪያ በተከራዩዋቸው ጠባብ ክፍሎች ይኖሩ፣ በማለዳ ይጠመቁና ይጠጡ ነበር። የጤና ተቋም ሊሰጠው ያልቻለውን ተስፋ ሥፍራው ሰጥቷል፤ ቤተሰብ ያገለለውንም ተቀብሏል። ይህን ሳያስታውሱ የዘመኑን ታሪክ መጻፍ ፍትሐዊ አይሆንም።

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በክፍያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር ወር 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2005) ነው። በእንጦጦ የነበረው ጥያቄም በዚሁ ተለወጠ። ቀድሞ የነበረው ጸበል ወይስ ምንም የሚል ነበር፤ አሁን ጸበል ወይስ መድኃኒት የሚል ሆነ። መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው ብለው የሚያስቡና መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሕሙማን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች በመሆናቸው ምእመናን ሁለቱንም እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። ብዙዎች ያለ ጭንቀት ወደ ሕክምና እንዲመጡ ይህ ቃል መንገድ ጠርጓል።

የሚጠብቃቸው መድኃኒት ታዲያ ምን ነበር? በወቅቱ በሰፊው ይሰጥ የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን በአንድ እንክብል የተቀመሩበት ነበር። ምርጫው ምክንያታዊ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በቀን ሁለቴ ይወሰዳል፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። አማራጩ ዚዶቩዲን ደም ማነስ ስለሚያስከትል የደም ምርመራ ይጠይቃል። ላቦራቶሪ ባልተስፋፋበት አገር ስታቩዲን ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ሳይቀር ሊሰጥ የሚችል መድኃኒት ነበር። አልጋ ላይ የወደቁትን አስነሥቷል፤ የከሱትን መልሶ አወፍሯል። ያተረፈው ሕይወት ብዙ ነው።

ይሁንና ከወራት፣ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ፣ ሌላ ለውጥ መታየት ጀመረ። የሕመምተኛው ሲዲፎር ጨምሯል፤ ክብደቱም አልቀነሰም። ጉንጩ ግን ጎደጎደ። የክንዱና የባቱ የደም ሥሮች እንደ ገመድ ጎልተው ወጡ። መቀመጫው ተሟጠጠና ደረቅ ወንበር ላይ መቀመጥ አመመው። ሆዱ ግን እንዳለ ቀረ፤ በአንዳንዱም ላይ ገፋ። በአንገቱ ጀርባ ስብ የተከመረበትም ነበር። በጅማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በሕክምና ላይ ከነበሩ ሰዎች መካከል ወደ 12 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይህ የስብ ሥርጭት መዛባት፣ ማለትም ሊፖዲስትሮፊ፣ እንደታየባቸው አሳይቷል።

ያ አንድ ሰው ስፖርት ሠርቶ ሊያገኘው የሚመኘው ነገር፣ ስብ ከተወሰነ የሰውነት ክፍል ብቻ መወገዱ፣ እነሆ በገሃድ ታየ። ያመጣው ግን መርዛማነት ነበር። ስታቩዲን የማይቶኮንድሪያን ዘረ መል የሚያባዛውን ፖሊሜሬዝ ጋማ የተባለ ኤንዛይም ያግዳል። ማይቶኮንድሪያቸው የተጎዳባቸው ከቆዳ ሥር ያሉ የስብ ሕዋሳት ይከስማሉ፤ ይሞታሉም። ያው መርዛማነት በነርቭ ላይ ሲደርስ እግርን ያቃጥላል፤ ሲከፋም ላክቲክ አሲዶሲስ የተባለውን ገዳይ ሁኔታ ያስከትላል። የፊት ስብ መጥፋት የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በሕዋስ ውስጥ እየደረሰ ያለ ጥፋት በውጭ የሚታይ ምልክት ነበር።

ለሕመምተኛው ደግሞ ትርጉሙ ከዚህም ይከፋ ነበር። መድኃኒቱ ከሞት አውጥቶታል፤ አሁን ግን ያ የሚፈራው ፊት ተመልሶ መጥቷል። በሽታው አገረሸ ወይም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ምሥጢሩን ለማንም ሳይነግር በሥራ ላይ የነበረ ሰው ፊቱ ተናገረበት። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም የዚህ ዓይነት የመልክ ለውጥ ሕሙማንን መድኃኒት ወደ ማቋረጥ እንደሚገፋፋ አሳይተዋል። አስቀድሞም በጸበልና በመድኃኒት መካከል ልቡ ሲወዛወዝ ለነበረ ሰው ያልተብራራ ጎድጓዳ ጉንጭ ትልቅ ክርክር ነበር።

ስሕተቱ እንዴት ታረመ?

የስብ ሥርጭት መዛባት በሕክምና ጽሑፍ በሚገባ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1998 ከአውስትራሊያ፣ ከሲድኒ ነው። በመጀመሪያ ጥፋተኛ የተደረጉት ፕሮቴዝ ኢንሂቢተር የተባሉት መድኃኒቶች ነበሩ። ነገር ግን እነዚያን ጨርሶ ቀምሰው የማያውቁ ሕሙማንም ጉንጫቸው ይጎደጉድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ስታቩዲን ወይም ዚዶቩዲን ይወስዱ የነበሩ ሰዎች ወደ አባካቪር ሲዛወሩ የእጅና የእግር ስባቸው መመለስ ጀመረ። ይሁን እንጂ በ24 ሳምንታት የተመለሰው ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከስታቩዲን ይልቅ በቴኖፎቪር የጀመሩ ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ የእጅና የእግር ስባቸው እንደተጠበቀላቸው አሳየ። ጥፋተኛው ታወቀ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አገሮች ከስታቩዲን መራቅ እንዲጀምሩ፣ በ2007 መጠኑ ለሁሉም ዐዋቂ ወደ 30 ሚሊ ግራም እንዲቀነስ፣ በኖቬምበር 2009 ደግሞ ደረጃ በደረጃ እንዲወገድ መከረ። በኢትዮጵያም ቦታውን በዋናነት ቴኖፎቪር ያለበት ሕክምና ያዘ፤ በኋላም ዶሉቴግራቪር ተተካ። በስታቩዲን የጠፋ የፊት ስብ ግን በብዙዎች ላይ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በእነዚያ ዓመታት ሕክምና የጀመሩ ሰዎች ዛሬም ያንን ፊት ይዘው ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ።

ከሆድ ላይ ስብን ለይቶ የሚቀንስ መድኃኒትም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ቴሳሞሬሊን የዕድገት ሆርሞንን በማነሣሣት በእነዚህ ሕሙማን ላይ የሆድ ዕቃን የከበበ ስብ ይቀንሳል። በየቀኑ በመርፌ ይሰጣል፤ ሲቋረጥ ስቡ ይመለሳል። ዋጋውም ለአብዛኛው ዓለም የሚቀመስ አይደለም። ስብን ከአንድ ቦታ ለይቶ ማንሣት ይህን ያህል ዋጋ ከጠየቀ፣ ሲት አፕ በነፃ ያደርገዋል ብሎ ተስፋ መስጠት እንዴት እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ከታሪኩ ለጤና ባለሙያው

የመጀመሪያው ትምህርት ክሳትን ከስብ ሥርጭት መዛባት መለየት ነው። በበሽታው ምክንያት የሚከሳ ሰው ክብደቱ ይወርዳል፤ ጡንቻውም አብሮ ይመነምናል። በስብ ሥርጭት መዛባት ግን ክብደት ሊቆም ይችላል፤ የጡንቻ ጉልበት አይጠፋም፤ የደም ሥሮች ይጎላሉ፤ ሆድ እንዳለ ይቀራል ወይም ይጨምራል። ክብደትን ብቻ የሚመዘግብ ካርድ ይህን ሁለተኛውን አያሳይም። የወገብ ዙሪያን በሜትር መለካት፣ ፊትንና እግርን ማየት፣ ከሁሉም በላይ ሰውነትህ ወይም ሰውነትሽ ምን ለውጥ አሳየ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ትምህርት ከእምነቱ ጋር የተያያዘ ነው። እጇና እግሯ ቀጥኖ ሆዷ የገፋ እናት ስትመጣ የሆድ ስፖርት ይሠራ የሚል ምክር ብቻ መስጠት ስሕተት ነው። ያልሠራችው ሥራ እንዳለ ያስመስላል፤ የመድኃኒቱን ጥፋት የእሷ ስንፍና ያደርገዋል። ለወራት ሠርታ ለውጥ ስታጣ ራሷን ትወቅሳለች፤ ቀጥሎም ምክሩን የሰጣትን ሰው ማመን ትተዋለች።

ሦስተኛው ትምህርት ለዛሬው ሕክምና ይጠቅማል። ዶሉቴግራቪርን የጀመሩ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ክብደት እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ በክሊኒክ የሚሰማው አቤቱታ ከከሳሁ ይልቅ ወፈርኩ ወደሚለው አዘንብሏል፤ ለቦርጭ የሚሆን ስፖርት የሚጠይቅም ይበዛል። መልሱ ግልጽ ሊሆን ይገባል። የሆድ ስፖርት የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ይህም በራሱ ጥቅም ነው። ስብን የሚቀንሰው ግን መላውን አካል የሚያሠራ የዘወትር እንቅስቃሴና የምግብ መጠን ነው። ፈጣን የእግር ጉዞ፣ አቀበት መውጣት፣ ስኳርና ዘይት መቀነስ በወገብ ላይ ለውጥ ያመጣሉ። የሆድ ዕቃን የከበበው ስብ ለእንቅስቃሴ ፈጥኖ ስለሚታዘዝ፣ ሚዛኑ ብዙ ሳይወርድ እንኳ ወገቡ ሊጠብ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሚዛኑ ባለመውረዱ ተስፋ አይቆርጥም። መድኃኒቱን ግን በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ እንደሌለበት በዚያው አንደበት ሊነገረው ይገባል።

ማጠቃለያ

በእንጦጦ ማርያም አቀበት ላይ የተላለፉት ሰዎች ሁሉ በገላቸው አንድ ሕግ አሳይተዋል። እንጨት ተሸካሚዋና ሯጩ ሰውነት ስቡን ከጋራ ጎተራ እንደሚያወጣ አሳዩ። ስታቩዲን የወሰዱት ሕሙማን ደግሞ ስብ ቦታ መርጦ የሚሄደው ሕዋሱ ሲጎዳ እንጂ ሰው ስለፈለገ እንዳልሆነ በራሳቸው ፊት ከፍለው አስተማሩ። ቦርጩን ሊያጠፋ በማለዳ የሚወጣው ሰው የሚያገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ አቀበቱ ለልቡ፣ ለደም ስኳሩና ለመላው አካሉ ይሠራለታል። ጥቅሙ ከየት የሰውነቱ ክፍል እንደሚጀምር ግን እሱ አያዝዝም።

በ2007 ለእንጦጦ ሕሙማን የተነገረው ቃል ጠቃሚ የነበረው ግልጽና እውነት ስለነበረ ነው፤ የሚወዱትን ሳያስጥል የሚያስፈልጋቸውን ሰጣቸው። የጤና ባለሙያም ዕዳው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ሕይወት እንደሚያድን ሲናገር፣ ፊትን ወይም ወገብን ሊለውጥ የሚችል ከሆነ በዚያው ቀን ይናገር። ስፖርት ሲያዝም የሚሰጠውን ጥቅምና የማይሰጠውን ለይቶ ይንገር። ሕመምተኛ የመጣበትን ለውጥ አስቀድሞ ከሰማው ይታገሠዋል፤ ሳይነገረው ከመጣበት ግን መድኃኒቱንም ሐኪሙንም ይጠራጠራል።